ስኬቹ ሕያው ነበር፤ ሲያልቅ ለምን ሞተ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ማታ ማታ ከብሎካችን በታች በቆሎ የምትጠብስ ጎረቤታችንን በእርሳስ ነድፌያት ነበር። ስኬቹን ያየ ሁሉ ይወደዋል። ወደ ታብሌት ወስጄ ሦስት ሳምንት ሠራሁት። መስመሩን አጠራሁ፣ ቀለም ቀባሁ፣ ፎቁን ከነመስኮቱ ጨረስኩ። አሁን ግን ሥዕሉ የሞተ ሆነብኝ። ምን ጎደለው? ሁለቱንም ልኬልዎታለሁ።»

እህቴ፣ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ከፍቼ ደጋግሜ አየኋቸው። በቅድሚያ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እጅሽ ምንም አልጎደለውም። ጣቶቿ፣ የማንደጃው እግር፣ የባጃጁ ጎማ፣ ሁሉም በደንብ ተሠርቷል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ስኬቹ ላይ የወሰንሽውን ነገር ታብሌቱ ላይ ስትደርሺ ሳይታወቅሽ ሰረዝሽው።

ስኬቹን እንደገና እዪው። የሴትዮዋ ጀርባ ላይ እርሳሱን ተጭነሽ ነው የሄድሽው። ከአንገቷ እስከ ወገቧ አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር አለ። ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። ፎቆቹስ? ሦስት አራት ጭረት ብቻ። ባጃጁ አንድ ጣሪያና አንድ ክብ ነው። ጃንጥላ ሥር ያለው ልጅ ገና ጥላ ነው። ያኔ ብርድ እየመታሽ ቆመሽ ስትነድፊ የቱ እንደሚበልጥብሽ እጅሽ ያውቅ ነበር። ለእሷ ብዙ ሰጠሽ፣ ለፎቁ ትንሽ ሰጠሽ።

አሁን ወደ ተጠናቀቀው እንምጣ። መስመሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ውፍረት አለው። የፎቁ መስኮት ከሴትዮዋ ዓይን እኩል ጠርቷል። ባጃጁ ቀኝ ጠርዝ ላይ በደማቅ ሰማያዊ ቆሟል። ሥዕሉን ስከፍተው ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እሱ ላይ ነው፤ ከዚያ በጠርዙ በኩል ወጥቶ ሄደ። ሴትዮዋን ያገኘኋት ፈልጌ ነው።

ብዙ ልጆች ስኬችን ወደ ዲጂታል ማምጣት ማለት መስመሩን በንጹሕ መስመር መገልበጥ ይመስላቸዋል። ስኬቹ ውስጥ ግን ከመስመሩ የሚበልጥ ነገር አለ፤ ክብደቱ። የት ጠቆረ፣ የት ሳሳ፣ የት ባዶ ተተወ። ወደ ታብሌቱ መሻገር ያለበት ይሄ ነው። ቅንብር፣ ኮንትራስት (የጨለማና የብርሃን ልዩነት)፣ ሚዛን፣ ምት እያልን የምናስተምራቸው የዲዛይን መርሆች የሚያገለግሉትም እዚህ ነው። የቱ መጀመሪያ እንዲታይ፣ የቱ ቀጥሎ እንዲመጣ፣ የቱ ዝም እንዲል የምትወስኚው በእነሱ ነው።

ስለዚህ ለጊዜው ታብሌቱን ዝጊው። ወረቀት አምጪና ሥዕሉ ስለ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «በቆሎ ጠባሽ» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ያ የሥዕሉ ስም ይሆናል እንጂ ምን እንደተሰማሽ አይናገርም። እኔ ከስኬችሽ ያነበብኩት «በዚህ ሁሉ ዝናብ ውስጥ ሙቀት ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው» የሚል ነው። ያንቺ ሌላ ሊሆን ይችላል። የቱም ይሁን፣ የምትሠሪበት ቦታ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ከዚህ በኋላ የምትጨምሪውንም የምትቀንሺውንም በእሱ ትለኪዋለሽ።

ቀጥሎ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ሳጥኖች ሥሪ፤ ስድስት ወይም ስምንት። እያንዳንዱ ውስጥ ያንኑ ትዕይንት በተለያየ አቀማመጥ አስቀምጪ። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። አንዱ ላይ በጣም ቅረቢያትና ፎቁን ቁረጪው። አንዱ ላይ ራቂና ትንሽ አድርጊያት፤ ጨለማው ይክበባት። አንዱ ላይ አጠገቧ በርጩማ ላይ ቁጭ ያልሽ አስመስለሽ ከታች ወደ ላይ እያት። የክብሪት ቀፎ ያልኩት በምክንያት ነው። በዚያ መጠን መስኮት መሣል አይቻልም። የሚቻለው ትልልቁን ቅርጽ ማስቀመጥ ብቻ ነው። በክብሪት ቀፎ መጠን ያልተነበበ ቅንብር ደግሞ ሲተልቅም አይነበብም።

አሁን ባለው ሥዕልሽ ሴትዮዋ ልክ መሃል ላይ ናት፤ ፎቆቹ ግራና ቀኝ እኩል ቆመዋል። መሃል ማስቀመጥ በራሱ ስሕተት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን ተመልከቺ። ዋናው ቅዱስ ብዙ ጊዜ መሃል ነው፣ ከሌላው ሰውም ገዝፎ ይሣላል። መጠኑን የሚወስነው ክብሩ ነው፤ ቅርብ ይቁም ሩቅ ይቁም ለውጥ አያመጣም። ጻድቁ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ፊት ለፊት ይሣላል። ክፉው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ የቱን ቀድሞ ማየት እንዳለበት አይጠፋውም። የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ይህን ሥርዓት ያቆሙት ለተመልካቹ አስበው ነው። አንቺ መሃሉን ስትመርጪ ግን ግርማ ፈልገሽ አይመስለኝም፤ ዝም ብሎ የመጣልሽ ቦታ ነው። የዚህች ሴት ታሪክ ብቻዋን በጠርዝ መቀመጧ ነው። ከመሃል ወደ ግራ አንድ ሦስተኛው ላይ ብታስቀምጪያት፣ ቀኙ ሰፊና ጨለማ ባዶ ቦታ ቢሆን፣ ዝናቡ ቦታ ያገኛል። ያ ባዶ ቦታም ሥራ ላይ ነው፤ ብቸኝነቷን የሚናገረው እሱ ነው። እንዳትሞዪው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ግራጫው ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እንድታጠፊ እለምንሻለሁ።

ከክብሪት ቀፎዎቹ አንዱን መርጠሽ ታብሌት ላይ ስትጀምሪ ቀለም አትንኪ። ሦስት ግራጫ ብቻ ምረጪ፤ ወደ ጥቁር የሚቀርበው፣ መካከለኛው፣ ፈዛዛው። ሁሉንም ነገር በእነዚህ ሦስት ሙዪው። መስመር አትሥሪ፤ ሰፋ ባለ ብሩሽ ቅርጽ ብቻ አስቀምጪ። ምድሩ፣ ፎቁና ሰማዩ በአንድ ግራጫ ቢዋጡ ችግር የለውም። እንዲያውም ይዋጡ። አብዛኛው ክፍል ጥቁርና መካከለኛ ይሁን። ፈዛዛው ለማንደጃው፣ ለእጆቿና ለፊቷ ከፊል ብቻ ይቀመጥ። ከዚያ ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪው። ዝርዝሩ ሲጠፋ ብርሃኗ ብቻ ከቀረች፣ ቅንብሩ ሠርቷል።

የተጠናቀቀውን ሥዕልሽን እኔ ወደ ግራጫ ቀይሬ አየሁት። አንቺም ሞክሪው፤ ከላይ አንድ ሌየር (በሥዕሉ ላይ የሚደረብ ንብርብር) ጨምረሽ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀቢው፣ የመደባለቂያውን ዓይነት «ከለር» የሚለው ላይ አድርጊው፣ ሥዕሉ በሙሉ ግራጫ ይሆናል። ምን አገኘሁ መሰለሽ? የፍሙ ብርቱካናማና የባጃጁ ሰማያዊ አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። የሴትዮዋ ፊትና ከኋላዋ ያለው ግድግዳም እንዲሁ። ቀለሞቹ ስለሚለያዩ ብርሃናቸውም የሚለያይ መስሎሻል። ዓይን ግን መጀመሪያ የሚይዘው ብርሃንና ጨለማን ነው። ሥዕሉ የሞተብሽ በዋናነት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስለ ፍሙ ብርሃን ልንገርሽ። እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ባለፈው ክረምት እኛም ሰፈር አንዲት እናት አስፋልቱ ዳር በቆሎ ትጠብስ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ጎዳናው ሁሉ ሲጨልም እሷ ብቻ ቀረች። ቆሜ አየኋት። በካርቶን ቁራጭ ስታራግብ ብርሃኑ ይፈካል፣ ስታቆም ይከስማል። ከሁሉም በላይ የበራው እጇ ነው። ቀጥሎ አገጯ ሥር፣ የአፍንጫዋ ታች፣ የቅንድቧ አጥንት ሥር። ግንባሯ ጨለማ ነበር። እኛ ብርሃን ከላይ ሲመጣ ስለለመድን ግንባርና ጉንጭ እናበራለን። አንቺም እንደዚያ ነው ያደረግሽው። ከታች የሚመጣ ብርሃን ፊትን ይገለብጠዋል፤ የበራው ይጨልማል፣ የጨለመው ይበራል።

ሌላው ርቀት ነው። ከትንሽ ምንጭ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ይሄ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ሥዕል ላይ ግን ትልቅ መሣሪያ ነው። እጇ ከፍሙ አንድ ስንዝር ቢርቅ፣ ፊቷ ሦስት ስንዝር ያህል ይርቃል እንበል። ፊቷ የሚያገኘው ብርሃን እጇ ከሚያገኘው ዘጠነኛው ያህል ነው ማለት ነው። ልጁ ደግሞ ሁለት ሜትር ርቆ ከሆነ ምንም አያገኝም ማለት ይቻላል፤ የጃንጥላው ጠርዝ ላይ አንዲት ቀጭን ብርቱካናማ መስመር ብትበቃው ነው። አንቺ ሦስቱንም እኩል አብርተሻቸዋል። ስለዚህ ፍሙ ፍም አልመስል አለ።

ጭሱንም አስተካክይ። በነጭ ብቻ ነው የሣልሽው። ጭስ ከኋላው ጨለማ ሲኖር ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከፍ ብሎ ብሩህ ሰማይ ላይ ሲደርስ ግን ጠቆር ብሎ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ሲመሽ ወጥተሽ እዪው፣ ደጅሽ ላይ ነው ያለው።

ግራጫው ከጸና በኋላ ቀለም ቀላል ነው። ምሽቱ ዝናባማ ስለሆነ ከሰማይ የሚመጣው ብርሃን ቀዝቃዛ ነው፤ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያደላል። ፍሙ ሙቅ ነው። ያለሽ ሁለት ብርሃን ብቻ ነው፣ ሁሉም ነገር በሁለቱ መካከል ይሰለፍ። ነጠላዋን እንውሰድ። ንጹሕ ነጭ ነው የቀባሽው። በዚያ ሰዓት ነጭ ነጠላ ነጭ አይደለም። ትከሻዋ ላይ ያለው ሰማያዊ ግራጫ ነው። ደረቷ ላይ የወረደው፣ ፍሙን የሚያየው ጎን፣ የእንጀራ ጀርባ የመሰለ ሙቅ ቀለም ይይዛል። ጥለቱ ፍሙ አጠገብ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ቀለሙ ይለይ፤ ትከሻ ላይ ያለው ጥለት በጨለማው ይዋጥ። የቆዳዋን ጥላም በጥቁር አታጥቁሪው። የጠይም ቆዳ ጥላ በጥቁር ሲሞላ አመድ ይመስላል። ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥልቅ ሰማያዊ የሚያደላ ቡናማ ሞክሪ። ቆዳው ያኔ ይተነፍሳል።

ደማቅ ቀለም ለአንድ ቦታ ይቀመጥ። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል የማየት ዕድል ካገኘሽ ሂጂ። ሦስት መስኮት ነው፣ በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር። ያን ያህል ስፋትና ያን ያህል ቀለም አለው፤ ሆኖም እያንዳንዱን መስኮት የሚመራው አንድ ቀለም ነው፣ ሌላው ይታዘዘዋል። ያንቺ ሥዕል ውስጥ የሚመራው ሰማያዊ ግራጫ ቢሆን፣ የፍሙ ብርቱካናማ ብዙ ሳትደክሚ ይነዳል። ባጃጁንም አታውጪው። የሰፈሩ ሰው ነው። ሰማያዊውን አደብዝዢው፣ ጠርዙን አለስልሺው፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ሳቢው፤ ፊቱን ወደ እሷ ቢያዞር ደግሞ ዓይንን ከማስወጣት ይልቅ መልሶ ያመጣል።

ከኋላ ያለው ያላለቀ ሕንፃ የባሕር ዛፍ አጣና በጣም ያስደስታል። ስኬቹ ላይ አጣናዎቹ ጎበጥ ጎበጥ ብለው፣ አንዱ ጠጋ አንዱ ራቅ ብሎ ቆመዋል። ታብሌቱ ላይ በማስመሪያ አቅንተሻቸው፣ ርቀታቸውንም እኩል አድርገሻል። አሁን የብረት አጥር መስለዋል። ምት የሚባለው ተመሳሳይ ነገር በትንሽ ልዩነት ሲደጋገም ነው፤ እስክስታም እንዲያ ነው። ወደ መጀመሪያው መልሻቸው። ከእነሱ መካከል አንዱ አግድም ዘንበል ያለ ቢኖርና አቅጣጫው ወደ ሴትዮዋ ቢያመለክት ጥሩ ነው፤ አናጺዎቹ ራሳቸው እንደዚያ ነው የሚያስሩት።

መሬቱ ጭቃና ውሃ ነው። የፍሙ ነጸብራቅ በእርጥብ መሬት ላይ ቁልቁል ወደ ተመልካቹ ይረዝማል። ያንን ብርቱካናማ ጭረት ከሥዕሉ ታችኛው ጠርዝ ጀምረሽ ብታስቀምጪው ዓይንን እየመራ ማንደጃው ጋ ያደርሳል። አሁን ያለው ቀስት የመሰለ የጭቃ መንገድ ወደ ባጃጁ ነው የሚወስደው።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። ክሪታ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ጥሩ ይሠራል። ስልክ ወይም አንድሮይድ ታብሌት ካለሽ አይቢስ ፔይንት የሚባለው መተግበሪያ ይበቃል። የብዕር ዋጋ ካልቻልሽ በጣትም ይሠራል፤ ግራጫ መሙላት በጣትም ያው ነው። ስኬቹን ፎቶ ስታነሺ በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግተሽ በቀጥታ ከላይ አንሺው፤ ፍላሽ አትጠቀሚ። የስኬቹን ሌየር መደባለቂያ መልቲፕላይ (ነጩን አጥፍቶ ጥቁሩን የሚያስቀር) አድርጊውና ኦፓሲቲውን፣ ማለትም ድፍንነቱን፣ ወደ 30 በመቶ አውርጂው። ከሥሩ ግራጫውን ሙዪ። መስመሩን ላዩ ላይ እየሄድሽ አትገልብጪው። ብሩሽ ሦስት ብቻ ይኑርሽ፤ አንድ ሰፊ፣ አንድ ሻካራ፣ አንድ ቀጭን። ቀጭኑን እስከ መጨረሻው ቀን ደብቂው። ሲወጣም ለእጇ፣ ለፊቷና ለበቆሎው ብቻ ይሁን።

በየግማሽ ሰዓቱ ካንቫሱን ወደ ጎን ገልብጪው፣ እንደ መስታወት። ዓይንሽ የለመደው ስሕተት ወዲያው ይወጣል። ደግሞ ሴቭ አድርጊ። ሰፈራችን መብራት እንዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ።

የካንቫሱን መጠን ከመጀመሪያው ወስኚ። ያንቺ ፋይል 1080 ፒክስል ነው። ለስልክ ይበቃል። ኤ3 ላይ በጥራት ማተም ከፈለግሽ ግን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልግሻል። እኔ በዚህ ተጎድቻለሁ። ለአንድ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጀሁት ሥዕል በትንሽ መጠን የተሠራ ነበር። ማተሚያ ቤት ሄጄ ሲያሳድጉልኝ የሰው ፊት ሁሉ እንደ ሰፌድ ስፌት ተሰነጣጠቀ። ሁለት ወር የሠራሁትን እንደገና ነው የሠራሁት። ሌላም አለ፤ ስክሪን ብርሃን ያወጣል፣ ቀለም ወረቀት ላይ ግን ብርሃን ይውጣል። ስለዚህ ሕትመቱ ከስክሪኑ ጠቆር ይላል፣ ደማቁ ብርቱካናማም ይደበዝዛል። ጨለማ ሥዕል ስለሆነ ለሕትመት ከመስጠትሽ በፊት መካከለኛውን ግራጫ ትንሽ አብሪው፤ መጀመሪያም በትንሽ ወረቀት አሳትመሽ እዪ።

መቼ ነው የሚያልቀው ብለሽ ልትጠይቂኝ ትችያለሽ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሥዕሉን አንድ ቀን አላየውም። በማግስቱ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ከክፍሉ ሌላ ጫፍ ሆኜ አየዋለሁ። ዓይኔ መጀመሪያ የት ሄደ? ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ዓረፍተ ነገር የሚለው ቦታ ከሄደ እተወዋለሁ። መስኮቶቹ ባዶ ቢቀሩም እተወዋለሁ። ከኮንዶሚኒየሙ መስኮቶች አንድ ሁለቱ ብቻ ደብዘዝ ብለው ቢበሩ በቂ ነው፤ ሰው እንዳለ ይታወቃል።

የሠራሽውን ሦስት ሳምንት አታጥፊው፣ ለብቻው አስቀምጪው። አዲሱን ከክብሪት ቀፎው ጀምሪ። ቀለም ከመቀባትሽ በፊት ግን ግራጫውን ላኪልኝ፣ አብረን እንየው። ጎረቤትሽንም ስኬቹን አሳዪያት፤ በቆሎውን በየትኛው እጇ እንደምታገላብጥ ጠይቂያት። ስኬቹ ላይ በግራዋ ነው፣ ታብሌቱ ላይ በቀኟ አድርገሽዋል።